ኮልተን የወደቀ ቀን

የኮሌጁን የትግል ምንጣፍ ሊለኩ የመጡት ሁለት ሰዎች ጨዋዎች ነበሩ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ ነው የገቡት። ቨርና ሜይንደርስን ያበሸቃት ይኸው ጨዋነታቸው ነበር፤ ባለጌ ቢሆኑ የምትናገረው አታጣም። ከሚዙሪ ድረስ መኪና ነድተው የመጡት ኮሌጁ ትግል ሊያስቀር ነው የሚል ወሬ ሰምተው፣ ምንጣፉ ለሽያጭ ከወጣ ማንም እንዳይቀድማቸው ብለው ነው። ሜትራቸውን ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጉ፤ ጎንበስ ብለው ጠርዙን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ከዚያም አንደኛው ቀና ብሎ ምንጣፉ በደንብ የተያዘ መሆኑን መሰከረ። ማን እንደያዘው ግን አልጠየቀም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ልምምድ ባለቀ ቁጥር ባልዲና መወልወያ ይዛ የልጆቹን ላብና ደም ከዚያ ምንጣፍ ላይ ስታጥብ የኖረችው እሷ ነበረች።

ባሏ መርል፣ የቡድኑ አሰልጣኝ፣ ሰዎቹን በር ድረስ ሸኝቶ እጃቸውን ጨበጠ። መንገዱ በረዶ ስለሆነ ቀስ ብለው እንዲነዱም መከራቸው። ያን ዕለት እራት ላይ ሹካውን አስቀመጠና፣ «የልምምድ ክፍሉን ቁልፍ ለማን ነው የማስረክበው?» አላት።

ይህ ሰው አባቱን ሲቀብር፣ ጉልበቱን ሁለት ጊዜ ሲያስቀድድ እንዲህ በተሸነፈ ድምፅ ተናግሮ አያውቅም። ትግሉ ቢቀር መርል ይሞታል ማለቷ አይደለም። መኖሩንማ ይኖራል። ጋራዡ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የተፈታውን እየገጠመ፣ የገጠመውን መልሶ እየፈታ ይኖራል። የፈራችው ይህንን ነው።

ሲዳር ቤንድ በሰሜን አዮዋ በበቆሎና በአሳማ የሚተዳደር ከተማ ነው፤ ኮሌጁም ከከተማው አይበልጥም። አዲሱ ፕሬዚዳንት ክፉ ሰው አልነበሩም። በበልጉ... የለም፣ በቆሎው በሚታጨድበት ሰሞን ነው፣ ሰው ሰብስበው ነገሩን በቁጥር አስረዱ። ትግል ወጪ እንጂ ገቢ የለውም። ይቀጥል ከተባለ ዋናው ሳይነካ ወለዱ ብቻ ቡድኑን የሚያኖር ገንዘብ ባንክ መቀመጥ አለበት። በረዶው ሳይቀልጥ ካልተሟላ ግን ዘንድሮ የመጨረሻው ነው።

መለመን ለመርል አይሆንለትም፤ አፉ ይታሰራል። ለቨርና ይሆንላታል። በእሳት አደጋ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ፓንኬክ ጋገረች፤ የአሳማ ሥጋ ጠብሳ በዳቦ ሸጠች፤ በዚያ ምንጣፍ ላይ ላቡን አፍስሶ ለሄደ ሁሉ ደወለች። የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች የሰፉትን ብርድ ልብስ ለጨረታ ስታወጣ የገዛው ሰው መልሶ ሰጣት፤ ሌላው ገዝቶ እሱም መለሰ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ብርድ ልብስ ሲሸጥ ዋለ። አገሩ እንዲህ ነው፤ ለጎረቤት ችግር ሲሆን አንድ ነገር አራት ጊዜ ይሸጣል። ከግማሽ በላይ ሞላ። የቀረው ግን ፓንኬክም ብርድ ልብስም የሚሞላው አልነበረም።

ያኔ ነው የመጨረሻውን የቤታቸውን ግጥሚያ ያሰበችው። ሰው ሁሉ አስቀድሞ ቃል ይግባ፤ በዚያ ቀን ምንጣፉ ላይ አንድ ልጅ ሌላውን በጣለ ቁጥር ይህን ያህል እከፍላለሁ ይበል። መርል ሰምቶ ሁለት ነገር አስገባ። አንደኛ፣ እንግዶቹ የኛን ልጆች ሲጥሉም ይቆጠራል፤ ሊጣሉ ብቻ የተጠሩ እንግዶች እቤቱ እንዲመጡ አይፈልግም። ሁለተኛ፣ ማንም ልጅ ለገንዘብ ብሎ በሰው ላይ አይጫወትም። ይህ ሁለተኛው የድሮ ሕጉ ነው። መርል ሰው ከጣልክ ጨርሰው ይላል፤ ትከሻውን ምንጣፉ ላይ አጣብቀህ ተነሳና እጁን ይዘህ አንሳው። እየለቀቁ እየጣሉ ነጥብ መሰብሰብ በሌላ ቦታ ብልጠት ነው፤ በመርል ክፍል ነውር ነው። ቨርና ሁለቱንም እሺ አለች። ስትልም ከልቧ ነበር።

ቃል ለማስገባት መጀመሪያ የሄደችው የእህል ማኅበሩ ቁርስ ቤት ነው። እዚያ ጠዋት ጠዋት ኮፍያ ያደረጉ ገበሬዎች ተሰብስበው የቡናውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ዳይስ እየጣሉ ይለያሉ። ኦርቪል ሲብልስ ዳይሱ ወደ እሱ ሊዞር ሲል ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ነው። ከቨርና ጋር አንድ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይኖራል፤ አንድም ግጥሚያ አያመልጠውም፤ ከላይኛው ደረጃ ተቀምጦ ሁሉንም ልጅ ሲተች ይውላል። እጁ ግን ተፈትቶ አያውቅም።

«አንተስ ኦርቪል? በጣሉ ቁጥር ስንት ልጻፍልህ?» አለችው።

«ምንም። መጣል ሥራቸው ነው። ላሜ ታለበች ብዬ ለላሟ ልክፈል?»

ቤቱ ሳቀ። ቨርና አልሳቀችም። መርል የእንግዶቹም ይቆጠራል ማለቱን ነገረችው፤ ለእነሱስ አይከፍልም ወይ? ኦርቪል ሳቁ ጥሞት ነበርና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«እንግዶቹ ማንን ሊጥሉ? የሮልፍስን ልጅ?» አለ። «ስሚ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ኮልተንን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይጣልና ከወንዙ ማዶ ያለችውን መሬቴን ውሰዱ። ጻፊው።»

ጻፈችው፤ እዚያው ፊት ለፊቱ። ቁርስ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከወንዙ ማዶ ያለችው መሬት የኦርቪል አባት ያቀናት፣ አፈሯ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ጎረቤት ሁሉ ሽጥልኝ እያለ ደጅ የጠናባት መሬት ናት። ኦርቪል እንደማያጣት ያውቃል። ኮልተን ሮልፍስ ኮሌጁ ከገባ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእግሩ ነቅሎ የጣለው ሰው የለም። ስለዚህ ነገሩ ቀልድ ሆኖ ከተማውን ዞረ፤ ቨርናም ከሁለት ቀን በኋላ ረሳችው።

በግጥሚያው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት፣ አዳራሹ በር ላይ ቆማ ትኬት ትቆርጥ ነበር። መጀመሪያ የከተማው ሰው መጣ። ከዚያ የማታውቃቸው መኪኖች፣ የሩቅ ሰሌዳ የለጠፉ፣ በረዶውን እየሰነጠቁ መግባት ጀመሩ። ከመኪኖቹ የወረዱት ጎልማሶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ራሰ በራ አለ፤ ቦርጫም አለ፤ በዱላ የሚሄድም አለ። ፊታቸውን አላወቀችውም። በሩ ላይ ደርሰው ኮፍያቸውን ሲያወልቁ ግን ጆሯቸውን አየች።

የትግል ሰው በጆሮው ይታወቃል። ዓመታት የተጋጣሚ ጭንቅላትና ምንጣፍ እያሸው ደም ይቋጥራል፤ ደሙ ደርቆ ጆሮው ተጨማዶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ዳኛም ሁን ሹፌር አይመለስም። ያን ቀን በቨርና ፊት ያለፈው ጆሮ ብዛት ጉድ ነበር። የጥርስ ሐኪም ጆሮ፣ የፓስተር ጆሮ፣ ከኦሬጎን ድረስ ያለ እንቅልፍ የነዳ የከባድ መኪና ሹፌር ጆሮ። ከበሩ እንዳለፉ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ከልምምድ ክፍሉ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ የተዘረጋውን ምንጣፍ ጠርዝ በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ። አድርጉ ያላቸው የለም። ልጆች ሆነው ወደ ልምምድ ሲገቡ እንዲያ ያደርጉ ነበር፤ እጃቸው አልረሳውም።

«ሚስስ ሜይንደርስ፣ አፍንጫዬን ያቀኑልኝ እርስዎ ነዎት» አላት አንዱ ግዙፍ ሰው፣ እንደ ሕፃን እያፈረ። «ጠማማ ነው የቀናው ግን።»

ቨርና ትኬቱን ቆርጣ አቀበለችው። ከዚያች ጠባብና ላብ ላብ ከምትሸት ክፍል ይህ ሁሉ ሰው ወጥቷል እንዴ? መርል በየዓመቱ ጥቂት ልጆች ተቀብሎ ጥቂት ልጆች ሸኝቷል፤ እሷም ስታጥብ ኖራለች፤ ተሰብስበው ስንት እንደሚሆኑ አስባው አታውቅም። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ትኬቱን ለሌላ ሰው ሰጥታ ምንጣፉ ዳር ካለው የነጥብ መመዝገቢያ ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠች።

እንግዶቹ ከኔብራስካ የመጡ ነበሩ። ግጥሚያው ሲጀመር የቨርና ሥራ ቃጭል መደወል ሆነ። ድሮ የአማቷ ላሞች ያንጠለጥሉት የነበረ ትልቅ የነሐስ ቃጭል ነው፤ አንዱ ሌላውን በጣለ ቁጥር ታንቃጭለዋለች፤ ሰውም ይጮሃል። ደስ ይል ነበር። ከግማሽ በላይ እንዳለፈ ግን ጎኗ የተቀመጠችው የባንክ ቤቷ ልጅ ገንዘቡን የምትደምርበትን ወረቀት ወደ ቨርና አዞረችው። ቨርና ድምሩን አየች። አይሞላም። እንዲህ ከቀጠለ ወደ መሙላቱም አይጠጋ።

መጨረሻ የሚገጥመው ኮልተን ነው። ኮልተን ደግሞ ችግሩ ብርታቱ ነው፤ አንዴ ጥሎ ወዲያው ትከሻ ያጣብቃል፤ ያለቀለት ግጥሚያ ደግሞ አንድ ቃጭል ብቻ ነው። ተጋጣሚውን ጠዋት ሲመዘኑ አይታዋለች። ኤፍራይን ሳላስ ይባላል፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ የቡድኑ ትልቅ ልጅ እጁን ስለተሰበረ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ከታችኛው ክብደት ያመጡት። የለበሰው ማሊያ የወንድሙን የተዋሰ ይመስል ጭኑ ላይ ይርገበገባል።

ቨርና ቃጭሉን ለባንክ ቤቷ ልጅ አስይዛ ተነሳች። ኮልተን ኮሪደሩ ላይ ብቻውን እየዘለለ ሰውነቱን ያሟሙቅ ነበር።

«ትከሻውን አታጣብቀው» አለችው። «ጣለውና ልቀቀው። ሲነሳ ደግመህ ጣለው። የቻልከውን ያህል።»

ልጁ መዝለሉን አቆመ። «ኮች እንዲህ ያለ ነገር አይወድም፣ ሚስስ ሜይንደርስ።»

«ኮችን ለእኔ ተወው። ይህ ቡድን እንዲኖር ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ኮልተን ጫማውን ጫማውን አየ። ከዚያ እሺ አለ። ቨርና ወደ ቦታዋ ስትመለስ ፊቷ ይቃጠል ነበር፤ ግን ተመለሰችና ቃጭሉን ተቀበለች።

ፊሽካው ተነፋ። ኮልተን ገና ከመግባቱ ልጁን ሁለት እግሩን ሰብስቦ ዘረረው። ቨርና ደወለች። አዳራሹ የሚጠብቀውን ሊያይ ተዘጋጀ፤ አሁን ይገለብጠዋል፣ አሁን ያልቃል። ኮልተን ግን እጁን ፈታና ወደ ኋላ ሄደ። ሳላስ ተነሳ። የጣለ ሦስት ነጥብ ያገኛል፤ አምልጦ የተነሳ አንድ። ኮልተን እንደገና ገብቶ ጣለው፤ እንደገና ለቀቀው። ያኔ ሰው ገባው። ለገንዘቡ ነው። አዳራሹ በደስታ አበደና ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። ቨርናም ክንዷ እስኪዝል አንቃጨለች።

መርል ምንጣፉ ጥግ ካለችው ወንበሩ ላይ ብድግ አለ። «ጨርሰው» አለ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ኮልተን ግን ሰምቶታል። ሰምቶ ወደ ጠረጴዛው አየ። መርል የልጁን ዓይን ተከትሎ ዞረና ሚስቱን ቃጭል እንደያዘች አገኛት። ብዙ አላያትም። መልሶ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቨርና በሠላሳ ምናምን ዓመት ትዳር እንደዚያች ቅጽበት አፍራ አታውቅም።

ልጁ ሦስተኛ ወደቀ፤ ተነሳ። አራተኛ ሲወድቅ አፍንጫው ደማ፤ ዳኛው አቁሞ ጥጥ አስገቡለት፤ ተመለሰ። የሚቆጥረው ሰው እየቀነሰ መጣ። ምክንያቱም ልጁ ዝም ብሎ አይነሳም። ወድቆ የሚተኛ፣ ግጥሚያው ያልቅልኝ የሚል ሰው ይታወቃል። ይህኛው እያንዳንዱን ጊዜ ከኮልተን ክብደት ስር እጁን ነቅሎ፣ ጉልበቱን ሰብስቦ፣ መለቀቁን ሳይጠብቅ ነው የሚነሳው። ሲነሳም አይሸሽም። ፊቱን አዙሮ ወደ ኮልተን ይራመዳል፤ አንድ እጁን ዘርግቶ፣ ገና እንደጀመረ ሰው።

አምስተኛው ላይ የኔብራስካው አሰልጣኝ ቆመና እጁን አወዛወዘለት፤ ይበቃል፣ ተው ነው። ልጁ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። አሰልጣኙ ወደ ዳኛው አንድ እርምጃ ሲራመድ ልጁ ደግሞ ራሱን ነቀነቀ፤ አሁን ጠንከር አድርጎ። አሰልጣኙ ቆመና ቀረ። የሚጮህ ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ እረጭ ብሎ የሁለት ልጆች ትንፋሽ ከላይኛው ደረጃ ድረስ ይሰማ ነበር። ቨርና ስድስተኛውን ደወለች፤ ቃጭሉ ብቻውን ጮኸ፤ አስቀያሚ ድምፅ ነበረው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። የነጥቡ ልዩነት አስራ አምስት ሲሞላ ዳኛው ግጥሚያውን ያቆማል፤ ኮልተን አንዴ ቢጥለው ያበቃል። ኮልተን ራሱ እንዲያበቃለት እንደፈለገ ከፊቱ ይታያል፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ከድካም ብቻ አልነበረም። ለመጨረሻ ጊዜ ለቀቀውና እንደ ልማዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

ልጁ ያችን እርምጃ ከዚህ በፊት አምስት ጊዜ አይቷታል። በዚህኛው ዞሮ ለመቆም አልሞከረም። ከተንበረከከበት ሳይቃና ተወንጭፎ የኮልተንን የፊት እግር ቁርጭምጭሚቱ ላይ በሁለት ክንዱ አቀፈ፤ ጭንቅላቱን ጎኑ ላይ ቀበረ። ኮልተን ጀርባው ላይ ተጫነው። እንደ ግንድ የከበደ ልጅ ነው፤ እዚያ ቦታ ስንቱን ደፍጥጧል። ልጁ ከስሩ ተጨፍልቆ ጉልበቱን አንድ በአንድ ሰበሰበና እግሩን እንዳቀፈ ቆመ። በእውነት ቆመ። ኮልተን በአንድ እግሩ እንጣጥ አለ፤ ደግሞ እንጣጥ አለ፤ ወደ ጠርዙ ሊያመልጥ ዘለለ። ልጁ አልለቀቀውም። ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ፤ ኮልተን ከስር ነበር።

ዳኛው ጥሎታል ብሎ ክንዱን አነሳ። ቃጭል አልተደወለም፤ ቨርና እጇን አፏ ላይ ጭና ተቀምጣለች። ከዚያ ያ አዳራሽ፣ የሲዳር ቤንድ ሰው ሁሉ፣ ጆሮው የተጨማደደው ሁሉ፣ በአንድ ጊዜ ተነሳ። የጮኸ የለም፤ ቆሙ ብቻ። ራሰ በራው ሰውዬ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ እንባው ይወርዳል። ቨርና ቤተ ክርስቲያን ውስጥም እንዲህ ያለ ዝምታ አልሰማችም። ኮልተን ለመነሳት ያለውን ሁሉ ሞከረ፤ የቀሩት ሰከንዶች አለቁ፤ ልጁ እንደያዘው ፊሽካው ተነፋ።

ተሸንፏል፤ የኮልተንን ነጥብ ግማሽ ነው ያገኘው። ዳኛው የኮልተንን እጅ አነሳ። ኮልተን እጁ እንደተለቀቀለት ልጁን ከወገቡ አቅፎ ከምንጣፉ ላይ አነሳው። ከዚያ ደንብ ነውና ሳላስ የተጋጣሚውን አሰልጣኝ ሊጨብጥ ወደ መርል ጥግ መጣ። መርል እጁን ያዘና አልለቅ አለው። ልጁም ምን እንደሆነ ሳይገባው በትህትና ቆሞ ጠበቀው፤ አፍንጫው ላይ ጥጡ እንደተወተፈ።

ሰው ገና ሳይበተን ኦርቪል ሲብልስ ከላይኛው ደረጃ መውረድ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የወረደው። ያኔ ነው ቨርና መሬቱን ያስታወሰችው፤ ደንግጣ ቆመች። ከቁርስ ቤት የነበሩትም አስታውሰዋል፤ በክርን ሲጎሻሸሙ ታያለች፤ የሚስቅ ግን የለም። ኦርቪል ጠረጴዛው ጋ ደረሰና ኮፍያውን አወለቀ።

«የት ነው የምፈርመው?» አለ።

ያ መሬት ቡድኑን ያኖራል። ከነትርፉ ያኖራል። መርል ቁልፉን ለማንም አያስረክብም። ቨርና አፏን ዘግታ እስክሪብቶ ብታቀብለው ነገሩ አልቆ ነበር፤ እጇም ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር። መርል መወልወያውን ከጓዳ አውጥቶ እየመጣ ስለነበር ቆሞ አያት።

«አትፈርም» አለች። «ኮልተን ልጁን በመጀመሪያው ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። እኔ ነኝ አትጨርሰው፣ እየለቀቅህ ጣለው ያልኩት። ኮሪደር ላይ፣ ከመርል ተደብቄ። እንደ መርል ሕግ ቢሆን ኮልተንን የሚጥል ሰው አይኖርም ነበር። መሬትህን የማጣት ግዴታ የለብህም።»

ኦርቪል ወደ መርል ዞረ። «ኮልተን ወዶ ነው የወደቀው?»

«አይደለም» አለ መርል። «ኮልተን ያለውን ሁሉ ነው ያወጣው። ከዚያ ከኔብራስካው ልጅ የጸዳ አጣጣል አይቼ አላውቅም።»

ኦርቪል ኮፍያውን በእጁ አዟዟረው። ከዚያ ቨርናን በዚያ በተለመደው በሚያናድድ ዓይኑ አያት፤ ግን ድምፁ የእሱ አልነበረም።

«ምን ነካሽ፣ እውር መሰልኩሽ እንዴ? ኮልተንን ልቀቀው ያለው ሰው እንዳለ ገና ከመጀመሪያው አውቄያለሁ፤ አዳራሹ በሙሉ አውቋል» አለ። «ልጁን ግን ተነስ ያለው ማን ነው? የገዛ አሰልጣኙ ተው ብሎታል። እናቱ እዚህ የለች። የሚያገኘው የለ፣ ያሸንፍ አይመስል። ማን ነው ተነስ ያለው፣ ቨርና?»

በበሩ መስታወት በኩል የኔብራስካ አውቶቡስ ይታያል፤ ሳላስ እያነከሰ የቡድኑን የውኃ ሳጥን ተሸክሞ ይወጣል፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሥራ ነው። ሦስቱም እስኪገባ ድረስ ቆመው አዩት።

«የመርል ክፍል ሌላ ጥቅም ቢያጣ እንደዚህ ያለ ልጅ የሚነሳበት ቦታ ነው» አለ ኦርቪል። «እስክሪብቶ ስጪኝ አሁን፤ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ፈርሞ ሄደ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን መርል ባልዲውን ሞልቶ መጣ። እሷን ሳያይ መወልወያውን ነከረ፣ ጨመቀ። ቨርና ቆማ ጠበቀች፤ የሚናገራትን ሁሉ ልትቀበል ተዘጋጅታለች፤ ይገባታልም።

«ሁለተኛ ልጆቼን እንዲህ እንዳታደርጊ» አላት።

«ሁለተኛ አላደርግም።»

መርል ራሱን ነቀነቀና ሌላውን መወልወያ አቀበላት። የሳላስ አፍንጫ የደማበት ቦታ ገና አልደረቀም፤ ጎንበስ ብላ ከዚያ ልትጀምር ስትል ክንዷን ያዝ አደረጋት። ሁለቱም ያችን ቦታ አዩ።

«ደህና አድርገሽ እጠቢው» አለ በመጨረሻ። «ሰኞ ልምምድ አለን።»